ጡሩምባው ዝም ያለበት ሳምንት

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ጡሩምባ» ነው የሚለው። እውነተኛ ስሙን የማስታውሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ እኔም ስናደድ ካልሆነ በሱ አልጠራውም። ሥራችን ልብስ ማጠብና መተኮስ ነው። ጠባብ ሱቅ አለችን። ከኋላ ማጠቢያ ማሽኖቹ ይንጫጫሉ፣ መሀል ላይ ረጅሙ የመተኮሻ ጠረጴዛ አለ፣ ከላይ የሰው ሸሚዝና ኮት በመስቀያ ተንጠልጥሎ ጣሪያውን ሞልቶታል። እኔ አጥባለሁ፣ እሱ ይተኩሳል። እውነቱን ለመናገር በካውያ የሚስተካከለው የለም። ኮሌታ ሲተኩስ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ አድርጎ ነው፤ ሲጨርስ ሸሚዙ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ደንበኛ ሲያመሰግነው ግን ድምፁ አይሰማም፣ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል።

ጡሩምባ የተባለው በካውያው አይደለም፣ በጉሮሮው ነው። የከተማችን ክለብ አስጨፋሪ ነው። ገና ሳንጋባ፣ ያኔ እሱ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ይተኩስ ነበር፣ ሲኒማ እወስድሻለሁ ብሎ ኳስ ሜዳ ወሰደኝ። ጫማዬ ተረከዝ ነበረው፣ ሜዳው ጭቃ ነበር፣ ምን ያህል እንደበገንኩ አትጠይቁኝ። ሻይ ሲያዝ እንኳ አስተናጋጁ «ምን አልክ?» እያለ የሚያስደግመው ልጅ ድንገት ብድግ ብሎ አንድ ጊዜ ሲጮህ የተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ እየተከተለው ተነሳ። አፈርኩም፣ ወደድኩትም። ኳስን የፈጠረው ሰውዬ መቼም ሚስት አልነበረውም፤ ቢኖረው ኖሮ ገና ከጅምሩ ታስተወው ነበር።

አሁን የማወራው ስላለፈው ክረምት መጨረሻ ነው፣ አዲሱ የውድድር ዘመን ሊጀመር ሲል። የኛ ክለብ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ለደጋፊ ክፍት የሆነ ልምምድ ያደርጋል። ዋናዎቹና ተጠባባቂዎቹ ለሁለት ተከፍለው እርስ በርስ ይገጥማሉ። እረፍት ላይ አስጨፋሪው ተነስቶ የአንድ ተጫዋች ስም ይጠራል፣ ሕዝቡ ይቀበለዋል፣ የተጠራውም ሰው ሁለተኛውን ግማሽ ከዋናዎቹ ጋር ይጫወታል። ማን ይህን ልማድ እንዳመጣው አላውቅም፤ ብቻ ተጠርቶ ውል ሳይሰጠው የቀረ ተጫዋች የለም። የትኛውም አሰልጣኝ ቢሆን ገና ከመነሻው ከደጋፊ ጋር መቀያየም አይፈልግም።

ለዚያች አንዲት ስም ብሎ ባሌ ከልምምዱ በፊት ያለውን ሳምንት ሙሉ ጉሮሮውን ይቆጥባል። ቃል አይተነፍስም። አንገቱን በሻርፕ ይጠቀልላል፣ ለብ ያለ ውሃ ይጠጣል፣ ሲጠሩት ራሱን ይነቀንቃል። «እሺ» ሲልም ይነቀንቃል፣ «ሰምቻለሁ» ሲልም ይነቀንቃል፣ «በቃ ተዪኝ» ሲልም ይነቀንቃል። እኔ ስለኖርኩበት እለየዋለሁ። ሌላው ሰው ግን ከየት አባቱ ያውቃል።

የዚያ ዓመቱ ሳምንት ከሌላው ጊዜ የሚለየው የምንጨነቅበት ሰው የራሳችን በመሆኑ ነው። የልጃችን ባል የክለቡ የግራ ተመላላሽ ተከላካይ ነው። ደጋፊው «ባቡር» ይለዋል፣ መስመሩን ይዞ ሲሮጥ የሚያቆመው የለም ለማለት ነው። በቀደመው ዓመት ጉልበቱን ተመትቶ በቃሬዛ ወጣ። የጉልበት ጅማት ነው ተባለ፣ ወራት ተኛ፣ ከዚያ «ድኛለሁ» ብሎ ተነሳ። ውሉ ደግሞ በዚያው አልቋል። ክለቡ ሌላውን ቦታ ሁሉ ሞልቶ በግራ በኩል የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ለዚያችም ከሌላ ከተማ አንድ ሰው ለሙከራ አምጥተዋል።

የዝምታው ሳምንት ሲጀመር ሱቃችን እንደወትሮው የደጋፊ ሸንጎ ሆነ። ሦስቱን ሰዎች ላስተዋውቃችሁ። አንደኛው ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ «ቲቸር» ነው የምንለው። ሁለተኛው ጥግ ላይ ያለው ፋርማሲ ውስጥ ይሠራል፣ «ፋርማሲው» እንለዋለን፣ ስለ ሰው በሽታ ሲያወራ ደስታው ፊቱ ላይ ይታያል። ሦስተኛው ባለታክሲ ነው፤ መኪናውን በራችን ላይ ደንቅሮ ደንበኛ ያስቀይምብናል፣ ስናገረው «እትዬ፣ አሁን አነሳዋለሁ» ይልና እስኪመሽ አያነሳውም።

ቲቸር ከልብስ የወደቁ ቁልፎች የምናጠራቅምበትን ጣሳ አወረደና ጠረጴዛው ላይ ቡድኑን ደረደረ። ትልልቆቹ ዋናዎቹ ናቸው፣ ትንንሾቹ ተጠባባቂዎች፣ ጠርዛቸው የተሸረፈው ደግሞ ጉዳት ያለባቸው። ስቆጥራቸው ከግማሽ በላይ የተሸረፉ ናቸው።

«አጥቂያችን ታፋው ተስቦ ከርሞ ተመልሷል ይሉናል» አለ ቲቸር። «ይሁን። እኔ ግን ከጀርባው ሌላ አጥቂ ካልተቀመጠ እንቅልፍ አይወስደኝም። አምና በአንድ አጥቂ ገብተን ያየነውን አይተናል።»

«በረኛውስ?» አለ ባለታክሲው። «ጣቱ ቀጥ ብሎ ቀርቷል። ኳሱን ይዞ ያስቀራል ወይስ በጣቱ እየጠቆመ ያሳልፋል?»

ፋርማሲው ሳቀ። «የጣት ነገር ቀላል ነው፣ ይታሰርለታል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው» አለና በግራ በኩል ባዶ የቀረውን ቦታ በጣቱ መታው።

ቲቸር አንድ ትልቅ የካፖርት ቁልፍ በመዳፉ ይዞ ያሽከረክራል እንጂ አያስቀምጠውም። ያ ቁልፍ ባቡር ነው። እጄ ውስጥ ያለውን እርጥብ አንሶላ እንደጨበጥኩ ቆምኩ።

«የጉልበት ጅማት ቀልድ አይደለም» አለ ፋርማሲው። «ድኛለሁ ያለ ሁሉ አልዳነም። ያ ለሙከራ የመጣው ቀጭን ሰውዬ ይፈርም ባይ ነኝ። ዕድሜውም ደህና ነው፣ ጉዳትም አያውቅም።»

«ባቡር እያለልህ ሽቦ ታስፈርማለህ?» አለ ባለታክሲው ተቆጥቶ። ሰውየውም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽቦ ሆኖ ቀረ። «ይሄ ልጅ ለኛ የሠራውን ረሳኸው? በተሰበረ አፍንጫ ተጫውቶልናል። አንድ ቀን ቢያመው ልንጥለው ነው? እንደሱማ ከሆነ አንተም ጨጓራህን ባመመህ ቁጥር ከፋርማሲው ትባረር።»

«ፍቅር ሌላ፣ የቡድን ስብስብ ሌላ» አለ ቲቸር። «ከታመመ ሰው ጋር ዓመቱን ጀምረን መሀል ላይ ቢወድቅስ? ያኔ የዝውውር መስኮት ተዘግቶ ይጠብቅሃል፣ በግራ በኩል ማንን ልታሰልፍ ነው? ታክሲህን?»

ክርክሩ ጦፈ። የባለታክሲው የአንገት ሥር ተገታተረ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ ባሌ ዞሩ።

«ጋሼ» አለ ባለታክሲው ዝቅ ባለ ድምፅ። «አማችዎ አይደል፣ እርስዎ ያውቃሉ። ጉልበቱ ድኗል ወይስ አልዳነም?»

ባሌ በጣቱ ሻርፑን ነካ፣ ጉሮሮዬ ማለቱ ነው፣ ካውያውንም አስኬደው። እነሱም ወደኔ ዞሩ። እኔ እንደሆነ ውሸት ሲያስፈልግ ፊቴ ያሳጣኛል። «ድኛለሁ ብሎናል» አልኩ። «እኔ የማጥበው ልብሱን ነው፣ ጉልበቱን አላጠብኩት።» ሳቁ። ቲቸር ግን አልሳቀም፤ ቁልፉን ከጠረጴዛው ዳር አስቀምጦ ሄደ።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ልጃችን ከሥራ ወጥታ መጣች። የጥርስ ሐኪም ዘንድ እንግዳ ተቀባይ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ፈገግ ብላ ስለምትውል እኛ ጋ ስትደርስ ፊቷን ታሳርፈዋለች። የዚያን ቀን ግን ፊቷ የደከመ ብቻ አልነበረም። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ በቀጥታ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ አልዳነም።»

ካውያው ቆመ።

«ደረጃውን ወደኋላ ዞሮ ነው የሚወርደው» አለች። «ጎረቤት ሲመጣበት ስልክ የሚያወራ መስሎ ቆሞ ያሳልፋቸዋል። ጠዋት ካልሲውን እኔ ነኝ የማጠልቅለት፣ ማጎንበስ አይችልም። ሐኪሙ እኔው ፊት ነው የነገረው። ገና ነው፣ አሁን ከተጫወትክበት ይበጠሳል፣ ያኔ ኳሱ ቀርቶ አረማመድህም አይስተካከልም አለው። እሱ ለክለቡ ያንን ወረቀት አላሳየም። ድኛለሁ ብሏቸው ቁጭ አለ።»

«አሰልጣኙስ ምን አለ?» አልኳት።

«እረፍት ላይ ስሙን ከጠሩት አስገብቼ አየዋለሁ ብሎታል። ካልተጠራ አያስገባውም። አባዬ፣ አትጥራው። ሌላ ምንም አልለምንህም። እኔ ባሌን የምፈልገው በሁለት እግሩ ቆሞ ነው።»

የሸሚዙ እጅጌ መሽተት ጀመረ። ካውያውን እኔ ነኝ ከላዩ ያነሳሁት። ባሌ ልጁን ትክ ብሎ አያትና ነቀነቀ። እሷ እፎይ ብላ ግንባሩን ሳመችው፣ ዓይኗን ጠራርጋ ወጣች። እኔ ግን ያንን ንቅነቃ አውቀዋለሁ። «ሰምቻለሁ» ነው ያላት እንጂ «እሺ» አላላትም።

በማግስቱ ደግሞ ባሏ መጣ። የልምምድ ልብሱን ሊወስድ ነው። «እማዬ ደህና ዋልሽ» አለኝ፣ በርጩማ ሳብኩለት፣ «ቆሜ ይሻለኛል» አለ። ድሮ ሲመጣ ገና ከበሩ በርጩማውን በእግሩ ስቦ ቁጭ የሚል ልጅ ነበር። አሁን ለምን እንደማይቀመጥ ባውቅም እንደማላውቅ ሆኜ ልብሱን አጠፍኩ።

«አባባ» አለ። «እንዳይናገሩ አውቃለሁ፣ እኔ ልናገርና ይስሙኝ። ቦታዋ አንድ ናት። ያ ሰውዬ ጥሩ ነው፣ አይካድም። እርስዎ ከጠሩኝ ግን ሕዝቡ አብሮ ይነሳልኛል፣ እነሱም ያስፈርሙኛል። ካልጠሩኝ አለቀልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከኳስ ሌላ የያዝኩት ነገር የለም። ምን ልሠራ ነው? አንሶላ ልተኩስ?»

ይህን ካለ በኋላ ደነገጠ። ባሌ በዓይኑ ሳቀና በእጁ «ቀጥል» አለው።

«ይቅርታ፣ እንደሱ ለማለት አይደለም። ልጅዎን ምን ይዤ ላኑራት ማለቴ ነው። ደግሞ ድኛለሁ። ይኸው ይዩ» አለና በታመመው እግሩ ብቻ ቆሞ ወደ ላይ ዘለለ።

አፌን በእጄ ያዝኩ። ሲያርፍ ፊቱ ላይ ያለው ደም ሁሉ ወደ ታች ወረደ። ከንፈሩ ነጣ፣ ፈገግታው ግን እንደተለጠፈ ቀረ። የጠረጴዛውን ጫፍ ጨብጦ ቆመ። ባሌ ይህን ሁሉ አየ። አይቶም ነቀነቀ።

«እግዜር ይስጥልኝ አባባ» አለ ልጁ፣ ልብሱን በብብቱ ይዞ ወጣ። በራችን ላይ አንዲት ደረጃ አለች። መቃኑን ይዞ፣ ወደ ጎን ዞሮ ወረዳት።

በሩን ሳብ አደረግኩና ባሌን ጠረጴዛው ጋ አፋጠጥኩት።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት። «ለልጅህም ነቀነቅክላት፣ ለባሏም ነቀነቅክለት። እሷ አይጠራውም ብላ ሄደች፣ እሱ ይጠራኛል ብሎ ሄደ። ሁለቱ ማታ አንድ ቤት ነው የሚገቡት እኮ። አፍህን ክፈትና አንዳቸውን እምቢ በል።»

ሻርፑን ነካ።

«ጉሮሮህ ገደል ይግባ» አልኩት። ከተጋባን እንደዚያ ብዬው አላውቅም። «ጉሮሮህ ነው ወይስ ልጅህ?»

አፉን ከፈተ። ሊናገር ነው ብዬ ተስፋ አደረግኩ። መልሶ ገጠመውና ቀድሞ የተኮሰውን ሱሪ እንደገና መተኮስ ጀመረ። ያኔ ገባኝ። ጉሮሮውን እየቆጠበ አልነበረም፤ የሚለው ጠፍቶት ነው። ዝምታው ለዚያ ሳምንት መሸሸጊያ ሆነችለት። ተናደድኩበት፣ አሳዘነኝም። እኔ ራሴ ክለቡ ሄጄ ልንገራቸው ብዬ ነጠላ ጫማዬን ቀየርኩ፣ እስከ ጥግ ድረስም ሄጄ ነበር። ግን እንደዚያ ካደረግኩ ይህ ብቻ ሳይሆን የትኛውም ክለብ አይነካውም። ተመለስኩ።

ይባስ ብሎ በልምምዱ ዋዜማ ባለታክሲው ብቅ አለና «ጋሼ፣ ባቡርን ነው አይደል የምንጠራው? ሰው ሁሉ ተዘጋጅቷል። እርስዎ ጉሮሮዎ እንኳ እምቢ ቢል እኔ እጠራዋለሁ፣ አያስቡ» አለ። በመርዳቱ ፊቱ በርቷል። ዝም ማለትም ልጁን እንደማያድነው ያኔ ታወቀ። ባሌ ካልጠራው ሌላ ሰው ይጠራዋል፣ ያው ይገባል፣ ያው ይሰበራል።

ሜዳ የደረስነው ገና ሰው ሳይሞላ ነው። ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ እጄን ያዘች፣ ከዚያ በኋላ አልለቀቀችኝም። ባሌ ከፊታችን፣ ሁልጊዜ በሚቆምበት በመጀመሪያው መደዳ ላይ ነው። ቲቸርና ፋርማሲው በግራው፣ ባለታክሲው በቀኙ። አማቻችን ከሜዳው ዳር ከተጠባባቂዎቹ ጋር ያሟሙቃል። ከሩቅ ሲያዩት ምንም የለበትም። ሲዞር ግን በቀኙ ብቻ ነው የሚዞረው፤ ልጄ ይህን እያየች ጥፍሯን መዳፌ ውስጥ ትሰካለች።

ጨዋታው ተጀመረ። ሽቦ ከተጠባባቂዎቹ ጋር ተሰልፎ በግራ በኩል ይጫወታል። እኔ ስለ ኳስ የማውቀው ነገር ትንሽ ነው፣ ያንን ሰውዬ ግን አየሁት። ቀጭን ነው፣ ፀጉሩ ከፊት ሳስቷል፣ ሮጦ የሚደክም አይመስልም። ኳሷን ይዞ መስመሩን ጨርሶ ያሻማል፣ ዞር ስትሉ ደግሞ ከኋላ ደርሶ የዋናውን አጥቂ ኳስ ይነጥቃል። የኛ ሰዎች መጀመሪያ አኩርፈውት ነበር። ትንሽ ቆይቶ ፋርማሲው ቲቸርን በክርኑ ነካ። ከዚያ ባለታክሲው ሳይወድ በግዱ «ይሄ ሰውዬ ግን...» ብሎ አቆመው።

እኔ ከሜዳው ይልቅ የማየው ባሌን ነበር። ከጎን ፊቱ ይታየኛል። መጀመሪያ መንጋጋውን ነክሶ ቆሞ ነበር። እየቆየ ወደፊት አጎነበሰ። ሽቦ ኳስ ሲይዝ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ትከሻው አብሮት ይሄዳል። የሴት ልጁ ባል ጉዳይ፣ የኔ ቁጣ፣ ሁሉም ነገር ከፊቱ ላይ ጠፍቶ ነበር። እንደዚያ ያለ ፊቱን የማውቀው ሲኒማ እወስድሻለሁ ባለኝ ቀን ነው።

የእረፍት ፊሽካ ተነፋ። አማቻችን ማሟሟቁን አቁሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደኛ ቀና አለ። አሰልጣኙም ወደኛ ቀና አለ። ባሌ ሻርፑን ፈትቶ ባጥሩ ብረት ላይ አንጠለጠለው። ባለታክሲው ከጎኑ አየር ስቦ ተዘጋጀ። ልጄ «አባዬ» አለች፣ ድምፅ ግን አልነበራትም።

«ሽቦ» ብሎ ጮኸ ባሌ።

ሳምንቱን ሙሉ ታፍኖ የኖረው ድምፅ ከሜዳው ማዶ ደርሶ ተመለሰ። ሕዝቡ ለአፍታ ግራ ገባው። ባለታክሲው የሳበውን አየር ይዞት ቀረ። ባሌ ደገመው፤ ያኔ ፋርማሲው ተቀበለ፣ ቲቸር ተቀበለ፣ ከዚያ ሜዳው በሙሉ አንድ አፍ ሆነ። ቀጭኑ ሰውዬ ማን እንደተጠራ አልገባውም ነበር፣ ዞር ዞር እያለ ያያል፣ አጠገቡ ያለው ተጫዋች ጀርባውን መትቶ ነገረው።

አማቻችን ትንሽ ቆሞ ሰማ። ከዚያ ጃኬቱን ለብሶ፣ ዚፑን እስከ አንገቱ ዘግቶ ተጠባባቂዎቹ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያን ሁሉ ጊዜ ቆሞ የከረመ ሰው ሲቀመጥ ማንም አላስተዋለውም፣ ከኔና ከሚስቱ በስተቀር። ልጄ አለቀሰች። እያለቀሰች ደግሞ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «አዳንከው» አለችው። «ሌላ ሰው ጠርተህ አዳንከው። እኔ እንኳ አላሰብኩትም።» ባሌ ክንዷን ቀስ አድርጎ ከአንገቱ አወረደው።

ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቅኩት። «ለእግሩ ብለህ ነው አይደል?»

«እንጃ» አለ። ድምፁ ሻካራ ሆኗል። «ስነሳ ማንን እንደምጠራ አላውቅም ነበር። አፌን ስከፍተው የወጣው እሱ ነው። ሰውየው ጥሩ ነው እኮ። አላየሽም?»

መንገድ ላይ ቆምኩ። «ይህችን ቃል ለማንም እንዳትተነፍሳት። ለእግርህ ብዬ ነው በለው፣ ልጅቷም እንደዚያ ነው የገባት፣ ቤታችን ሰላም ይደር። ገባህ?»

ነቀነቀ። ሃያ ዓይነት ንቅነቃ እለያለሁ የምለው ሴትዮ እሺ ማለቱ መሰለኝ።

ሽቦ ፈረመ። አማቻችን ለብዙ ቀን ሱቃችንን አልረገጠም፤ በማዶ አስፋልት ሲሄድ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ፊቱን አዙሮ ነው። ባሌ በሥራው ላይ ሆኖ ዓይኑ ከመንገድ ዳሩ መስታወት አይነቀልም። አንድ ቀን የደንበኛ ሸሚዝ አሳረረ፣ ይህ ሆኖ አያውቅም። ልጄ ደግሞ መሀል ገብታ ባሏን ታባብላለች። «ለእግርህ ብሎ ነው፣ አባዬ ካንተ በላይ ስላሰበልህ ነው» እያለች ስትነግረው ሰነበተች።

አንድ ጠዋት ገና ሱቁን እንደከፈትን መጣ። ከበሩ ላይ ቆመ። ባሌ ካውያውን ማቆሚያው ላይ አስቀመጠ።

«አባባ፣ ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት» አለ ልጁ። ቃሉን ቤቱ አጥንቶት እንደመጣ ያስታውቃል። «መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፣ አልዋሽም። ልጅዎ ነገረችኝ። ለኔ ብለው ነው። እግሬን አስበውልኝ ነው። አባት ነዎት።»

እኔ ከኋላ ማሽኑን አጠፋሁ። ለባሌ በዓይኔ ምልክት ሰጠሁት። አንዲት «አዎ» ብቻ ነበረች የምትቀረው። ሁላችንም በዚያች «አዎ» ተቃቅፈን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ነገሩ ይረሳ ነበር።

«ለእግርህ ብዬ አይደለም» አለ ባሌ።

«እንዴት?»

«ለእግርህ ብዬ ነው ብልህ ደስ ይለኝ ነበር። እግርህ አሳስቦኛል፣ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል። ከዚያ ጨዋታው ሲጀመር ረሳሁት። አንተንም ረሳሁህ። ሰውየው ካንተ ይሻላል። አሁን ካለኸው ካንተ ይሻላል። ስሙን የጠራሁት ለዚያ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። አሁን ጥሎን ይወጣል፣ ልጄንም ይዞብኝ ይሄዳል፣ ሁለተኛ ደጃችንን አይረግጥም ብዬ ፈራሁ። ባሌ ፊቱን አላዞረም። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የሚመጣበትን ይጠብቃል።

ልጁ በርጩማውን በእጁ ፈልጎ ሳበው። በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ አንዱን እግሩን ወደፊት ዘርግቶ፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ተቀመጠ።

«ያመኛል አባባ» አለ። «ሁሌም ያመኛል። ቆሜም፣ ተኝቼም። ሰው ሁሉ ድነሃል ወይ እያለ ሲጠይቀኝ ድኛለሁ እያልኩ፣ እኔ ራሴ ላብድ ነው።» ከዚያ አለቀሰ። ትልቅ ሰው ነው፣ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፣ የቀለበት ቀናቸውም ሆነ በቃሬዛ የወጣ ቀን።

ባሌ ጠረጴዛውን ዞሮ ሄደና አጠገቡ ተንበረከከ። ወፍራም ጨርቅ በካውያው እንፋሎት አሙቆ ጉልበቱ ላይ አደረገለት፣ እጁንም ከላዩ አላነሳም። አንድ ደንበኛ ኮቱን ይዞ ብቅ ሲል በእጄ መለስኩትና በሩን ዘጋሁ።

ብዙ ቆይቶ ልጁ አፍንጫውን ጠረገ።

«ደህና በነበርኩ ጊዜስ?» አለ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ። «ደህና በነበርኩ ጊዜ እኔ እሻል ነበር ወይስ እሱ?»

«አንተ» አለ ባሌ። «አይገናኝም።»

ቀና ብሎ አየው። ቅድም ፊት ለፊት «ሰውየው ካንተ ይሻላል» ያለው ሰው እንደማይዋሽለት ያውቃል፣ ስለዚህ አመነው።